የሳብ ኮንትራክተር ክፍያ ንጥሎችን በጅምላ ማስገባት፦ ከኢምፖርት በኋላ ድምሩ ለምን ተዛባ?

ቴክኦፍ_ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራው ሐዋሳ ላይ ያለ ጂ+7 ሕንፃ ነው። አራት ሳብ ኮንትራክተሮች አሉን፦ የስትራክቸር እጅ ሥራ፣ ብሎኬትና ልስን፣ ሳኒተሪ እና ኤሌክትሪክ። በአራቱ ውሎች በድምሩ 386 ንጥሎች የክፍያ ሶፍትዌሩ ላይ ተመዝግበዋል። እስከ 5ኛው ክፍያ ድረስ እያንዳንዱ ንጥል እየተከፈተ በእጅ ይሞላ ነበር። ለ6ኛው ክፍያ ግን ሳቡ (ሳብ ኮንትራክተሩ) ያቀረበው ኤክሴል ወደ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የሚለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ተቀይሮ በአንድ ጊዜ ኢምፖርት ተደረገ። የተጀመረው በብሎኬትና ልስኑ ውል ነው፤ 112 ንጥሎች አሉት።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፦

እስከ 5ኛው ክፍያ የጸደቀ፦ 2,310,400 ብር
ሳቡ በኤክሴሉ ያቀረበው እስከ ዛሬ የተሠራ፦ 2,742,650 ብር
ከኢምፖርት በኋላ ሶፍትዌሩ እስከ ዛሬ የተሠራ ብሎ የሚያሳየው፦ 5,039,370 ብር

ኢንቮይሱ ገና ረቂቅ ላይ ነው፣ አልጸደቀም። ስህተቱ ከየት መጣ? ሦስቱን የቀሩ ውሎችስ ከመንካቴ በፊት ምን ላስተካክል?

ጋሼ_ቢኦኪው

እህቴ፣ ረቂቅ ላይ መቆየቱ ትልቅ ነገር ነው፤ እንዳታጸድቂው።

2,310,400 እና 2,742,650 ሲደመር 5,053,050 ይመጣል። ካየሽው ቁጥር ጋር በጣም ይቀራረባል። ስለዚህ ዋናው ስህተት ግልጽ ነው፦ የሳቡ ኤክሴል የያዘው መጠን ከሥራው መጀመሪያ እስከ ዛሬ የተጠራቀመ ነው፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ በዚያ ዓምድ የሚጠብቀው የዚህን ክፍያ ብቻ ነው። የተጠራቀመውን ተቀብሎ በቀድሞው ላይ ደመረው። (ዓምድ የምለው የኤክሴሉን ነው፤ የሕንፃውን ኮለን እለዋለሁ።)

በአንድ ንጥል ብናየው፦ የሲ-25 አርማታ ውል 210 ሜትር ኩብ፣ እስከ 5ኛው ክፍያ 140፣ እስከ ዛሬ 165.5 ቢሆን የዚህ ክፍያ 25.5 ነው። 165.5ን እንዳለ ካስገባሽው ሶፍትዌሩ 305.5 ይላል፤ ከውሉ 95.5 ሜትር ኩብ ይበልጣል። ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ከ100 በመቶ ሲያልፍ ቢጫ ምልክት ብቻ ያሳያሉ እንጂ አይከለክሉም። በቅንብሩ ውስጥ «ከውል መጠን በላይ አትቀበል» የሚል ምርጫ ካለ ይከፈት። መጠኑ በእውነት ከውል ካለፈ መንገዱ የሥራ ለውጥ ትዕዛዝ ነው እንጂ በክፍያ ንጥሉ ሾልኮ መግባት የለበትም።

ነገር ግን ድምሩ ልክ 5,053,050 አይደለም። 13,680 ብር ይጎድላል። ይህ ሌላ ስህተት ነው፣ ራሱን ችሎ መገኘት አለበት። እስቲ የንጥል ቁጥሮቹን ተመልከቺ፤ 2.1 እና 2.10 የሚባሉ ንጥሎች አሉሽ?

ቴክኦፍ_ሐዋሳ

አሉ ጋሼ። 2.1 ባለ 20 ሳ.ሜ. ብሎኬት ግድግዳ ለምድር ቤት፣ እስከ ዛሬ 96 ካ.ሜ.፣ ነጠላ ዋጋ 180 ብር (እጅ ብቻ)። 2.10 ባለ 10 ሳ.ሜ. ብሎኬት፣ እስከ ዛሬ 60 ካ.ሜ.፣ ነጠላ ዋጋ 120 ብር። ሶፍትዌሩ ላይ 2.10 ለዚህ ክፍያ ባዶ ነው፤ 2.1 ላይ 60 ተጽፏል።

ጋሼ_ቢኦኪው

ተገኘ። ኤክሴል ሲኤስቪውን ሲከፍት 2.10ን እንደ ቁጥር አንብቦ መጨረሻ ላይ ያለውን ዜሮ ጣለው፤ ሁለቱም ረድፎች 2.1 ሆኑ። ሶፍትዌሩ በንጥል ቁጥር ስለሚያዛምድ ሁለቱን ረድፎች አንድ ንጥል ላይ ጻፋቸው፣ ኋለኛው የፊተኛውን አጠፋው።

ሒሳቡ ይኸው። መግባት የነበረበት 96 × 180 = 17,280 እና 60 × 120 = 7,200፣ በድምሩ 24,480። የገባው 60 × 180 = 10,800። ልዩነቱ 13,680። ከጎደለው ጋር ልክ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ፋይል ውስጥ ከሁለቱ ሌላ ድምሩን የሚያዛባ ስህተት የለም ማለት ይቻላል።

ረቂቁን ሙሉ በሙሉ አጽጂና እንደገና አስገቢ። እያንዳንዱን ንጥል እየፈለጉ ማረም ከጀመርሽ ግማሹ በእጅ፣ ግማሹ በኢምፖርት ይሆንና ማንም ሊመረምረው የማይችል ሰነድ ይወጣል።

ኤክሴል_በአማርኛ

የ2.10ን ነገር ጠበቅ ላድርገው፤ ብዙ ሰው ዓምዱን «ቴክስት» አድርጌዋለሁ ብሎ ተረጋግቶ ይተወዋል፣ በቂ ግን አይደለም።

በመጀመሪያ፣ ሲኤስቪን በፍጹም ድርብ ጠቅ አድርጋችሁ አትክፈቱ። ባዶ ኤክሴል ከፍታችሁ ከዳታ ማውጫ «ከቴክስት ወይም ሲኤስቪ» በሚለው በኩል አምጡና የንጥል ቁጥሩን ዓምድ ቴክስት ብላችሁ ምረጡ። ከተከፈተ በኋላ ወደ ቴክስት መቀየር የጠፋውን ዜሮ አይመልስም።

ቀጥሎ፣ ቴክስት ከሆነ በኋላም ካውንትኢፍ እና ሰምኢፍ የሚባሉት ፎርሙላዎች ቁጥር የሚመስል ጽሑፍን እንደ ቁጥር ነው የሚያዩት። «2.1» እና «2.10» ለእነሱ አንድ ናቸው። በሰምኢፍ የተጠራቀመ መጠን ከቴክኦፍ ሺት (የሥራው ልኬት ወረቀት) የምትሰበስቡ ከሆነ የሁለቱ ንጥሎች መጠን ተደምሮ ለሁለቱም ይመጣል፣ ማለትም ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ይህ ስህተት ዓይን ላይ አይወድቅም።

ዘላቂው መፍትሔ በቁጥሩ ፊት ፊደል ማድረግ ነው፦ «ብ2.10»፣ «ል5.03»። ፊደል ሲኖር ኤክሴል እንደ ቁጥር ሊያነበው አይችልም። በነጥብ ፈንታ ሰረዝ ማድረግ መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ፤ 3-4 ብላችሁ ስትጽፉ ወደ ቀን ይቀየርባችኋል። የንጥል ቁጥር መቀየር የሚቻለው ግን ክፍያ ከመጀመሩ በፊት ነው። በመካከል ከሆነ የቢኦኪው (የውሉ የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር) ቁጥሩን ሳትነኩ የሶፍትዌሩን የውስጥ መለያ ቁጥር ተጠቀሙ። ንጥሎቹን ከሶፍትዌሩ ኤክስፖርት ስታደርጉ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ዓምድ የሚመጣው ረጅም ቁጥር እሱ ነው። ሰው «ትርጉም የለውም» ብሎ የሚሰርዘው ዓምድ ነው፤ አትሰርዙት።

ሐይቅዳር_ሳይት

ኤክሴል_በአማርኛ ያለው ላይ ልጨምር። የሳቡን ፋይል በቀጥታ ኢምፖርት አታድርጉ። ሁልጊዜ የሚገባው ፋይል ከሶፍትዌሩ የወጣው መሆን አለበት፤ የሳቡ ኤክሴል መረጃ መቅጃ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሄዳል፦

አዲስ የክፍያ ጊዜ ይከፈታል፤ ባዶ ኢንቮይስ ይፈጠራል። ከእሱ ኤክስፖርት ይደረጋል። አሁን በእጃችሁ ያለው የውስጥ መለያ፣ የንጥል ቁጥር፣ መግለጫ፣ መለኪያ፣ የውል መጠን፣ ነጠላ ዋጋ፣ እስከ ባለፈው የጸደቀ እና የዚህ ክፍያ (ባዶ) ነው። ከጎኑ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ትከፍታላችሁ፦ «እስከ ዛሬ በተፈረመ ቴክኦፍ»። ይህን ዓምድ በኤክስሉካፕ (በመለያ ፈልጎ የሚያመጣ ፎርሙላ) ከሳቡ ወይም ከቴክኦፍ ማጠቃለያው ታመጣላችሁ። የዚህ ክፍያ ማለት እስከ ዛሬ ያለው ሲቀነስ እስከ ባለፈው የጸደቀው ነው። ከዚያ የዚህ ክፍያን ዓምድ ቀድታችሁ በፔስት ስፔሻል እሴቱን ብቻ ታስቀምጣላችሁ፣ የጨመራችሁትን ዓምድ ሰርዛችሁ ትልካላችሁ።

ቪሉካፕ የምትጠቀሙ የመጨረሻውን ማሟያ ዜሮ ማድረግ እንዳትረሱ። ከተተወ ተቀራራቢውን ይፈልግና የሌላ ንጥል መጠን ያመጣል፤ ስህተት ብሎም አይነግራችሁም።

እና እባካችሁ ያልተገኘውን በኢፍኤረር (ስህተት ሲመጣ በሌላ እሴት የሚተካ ፎርሙላ) ዜሮ አታድርጉት። ሳቡ አንድ ንጥል ከፋይሉ ላይ ስለዘለለ ብቻ «እስከ ዛሬ» ዜሮ ይሆናል፣ የዚህ ክፍያ ደግሞ የቀድሞው በሙሉ በቅናሽ ይመጣል። በጋሼ ምሳሌ 140 ሜትር ኩብ አርማታ ተቀነሰ ማለት ነው። ያልተገኘው እንዳለ ይታይ፤ በፊልተር አውጥታችሁ አንድ በአንድ እዩት። ሥራ ያልተሠራበት ንጥል ከሆነ እስከ ዛሬ ያለው ከባለፈው ጋር እኩል ነው፣ ዜሮ አይደለም።

ታቦር_7

ፊልተር ካነሳችሁ አይቀር አንድ አደጋ አለ። ለምሳሌ የልስን ንጥሎችን ብቻ በፊልተር አውጥታችሁ 14 ቁጥሮችን ከሌላ ፋይል ቀድታችሁ ብትለጥፉ፣ ኤክሴል በተደበቁት ረድፎች ላይም ይለጥፋል። የሚታዩት ረድፎች 5 ብቻ ልክ ሆነው ሌሎቹ ቁጥሮች የብሎኬትና የቀለም ንጥሎች ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ፊልተር ክፍት ሆኖ አትለጥፉ። በፎርሙላ ማምጣት ነው የሚሻለው።

ጋሼ_ቢኦኪው

ትክክል። ከኢምፖርት በፊት እና በኋላ የሚመዘገቡ ሦስት መቆጣጠሪያ ቁጥሮች አሉ፦ የረድፍ ብዛት፣ የዚህ ክፍያ መጠን ድምር እና የዚህ ክፍያ ገንዘብ ድምር። የመጠን ድምሩ ካሬ ሜትርን ከኪሎ ግራም ስለሚደምር በራሱ ትርጉም የለውም፤ ግን ከኢምፖርት በኋላ ቢቀየር አንድ ነገር እንደተነካ ይናገራል። ነጠላ ዋጋቸው እኩል የሆኑ ሁለት ንጥሎች መጠን ቢለዋወጡ ግን የገንዘቡም የመጠኑም ድምር አይቀየርም፤ ይህን ድምሮቹ አይዙትም፣ ረድፍ በረድፍ ማነጻጸር ይጠይቃል። ስለዚህ ከኢምፖርት በኋላ እንደገና ኤክስፖርት አድርጋችሁ ከላካችሁት ፋይል ጋር በውስጥ መለያው አቀናንሱት። ለ386 ረድፍ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ቴክኦፍ_ሐዋሳ

ረቂቁ ጸድቶ በሐይቅዳር_ሳይት ቅደም ተከተል ገባ። ሳንቲሙን ትቼ የዚህ ክፍያ 432,250 ብር፣ እስከ ዛሬ 2,742,650 ብር። ከኤክሴሉ ድምር ጋር የ37 ሳንቲም ልዩነት አለ። ልተወው ወይስ ልፈልገው?

ኤክሴል_በአማርኛ

ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ረድፍ ወደ ሁለት አሃዝ ሳንቲም ያጠጋጋል፤ ኤክሴል ግን ሁለት አሃዝ ቢያሳይም ውስጡ ሙሉውን ይይዛል። በአንድ ረድፍ ሊመጣ የሚችለው ትልቁ ልዩነት ግማሽ ሳንቲም ነው። 112 ረድፍ ሲባዛ በ0.005 ብር 0.56 ብር ይሆናል። 0.37 በዚያ ውስጥ ነው። ከ56 ሳንቲም ቢያልፍ ኖሮ ማጠጋጋት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም ነበር። ለ386ቱ ረድፍ ገደቡ 1.93 ብር ነው። በኤክሴሉ የገንዘብ ዓምድ ላይ ራውንድ በ2 አሃዝ ብትጨምሪበት ልዩነቱ ይጠፋል።

ታቦር_7

እኔ በመቶኛ ማስገባትን ነው የምመርጠው። ሳቡም፣ ፎርማኑም «ሦስተኛ ፎቅ ልስን 60 በመቶ ደርሷል» ብለው ነው የሚናገሩት። በጅምላም አንድ ቁጥር ለ20 ንጥሎች መስጠት ይቻላል። ለምን መጠን ላይ ትጣበቃላችሁ?

ጋሼ_ቢኦኪው

ውሉ ጥቅል ዋጋ ከሆነ መቶኛ ልክ ነው። ኤሌክትሪክና ሳኒተሪ ላይ «አንድ ሙሉ» ተብለው የተዋዋሏቸው ንጥሎች አሉ፣ እነሱ ላይ ተጠቀምበት። በልኬት የሚከፈል ንጥል ላይ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱም ከመቶኛው ወደ ኋላ ተመልሶ የሚወጣው መጠን ከቴክኦፉ ጋር አይገጥምም። 25.5 ሜትር ኩብ ከ210 ሲካፈል 12.142857 በመቶ ነው። 12.14 ብለህ ብታስገባ 25.494 ይሆናል፤ በ1,400 ብር ሲባዛ 35,691.60 ብር። ትክክለኛው 35,700 ነው። 8.40 ብር በአንድ ንጥል። ብሩ ትንሽ ነው፤ ችግሩ አማካሪው የፈረመው 25.5 ሆኖ ሳለ ኢንቮይሱ 25.494 ማለቱ ነው። በሚቀጥለው ክፍያ ልዩነቱ ይከተላችኋል።

«60 በመቶ ደርሷል» የሚለው ንግግር ለሳምንት ሪፖርት ይሁን። ለክፍያ የሚያበቃው የተፈረመ ቴክኦፍ ነው።

ታቦር_7

ተቀብያለሁ። ጥቅል ዋጋ ላላቸው ብቻ አደርገዋለሁ።

ሐይቅዳር_ሳይት

የስትራክቸር ውሉን ከማስገባትሽ በፊት መለኪያ ላይ አተኩሪ። የፌሮ ንጥል ቢኦኪው ላይ በኪሎ ግራም ነው፤ ሳቦች ግን በቁጥር ወይም በኩንታል ይዘው ይመጣሉ። 350 ባለ 12 ፌሮ፣ እያንዳንዱ 12 ሜትር፣ 4,200 ሜትር ነው። በሜትር 0.888 ኪሎ ሲባዛ 3,729.6 ኪ.ግ.፣ ማለትም 37.296 ኩንታል። ዓምዱ ላይ 37.296 ከገባ የሳቡ ክፍያ ወደ መቶኛው ይወርዳል፤ 4,200 ከገባ ደግሞ ያለ አግባብ ይበዛል። የየዲያሜትሩ ክብደት ለማስታወስ፦ ባለ 8 ሚ.ሜ. 0.395፣ ባለ 10 0.617፣ ባለ 14 1.21፣ ባለ 16 1.58፣ ባለ 20 2.47። ዲያሜትሩን በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል ነው።

ብሎኬትም እንዲሁ ነው። በፍሬ ተቆጥሮ የመጣን ለ12.5 አካፍሎ ወደ ካሬ ሜትር መቀየር አቋራጭ ይመስላል፤ የተሰበረውን ይቆጥራል፣ የሞርታሩን ውፍረት ይዘላል። ግድግዳውን ለክቶ የበርና የመስኮት ክፍት መቀነስ ነው።

ሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ባሉ ሳይቶች ላይ የሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ውሃ ስለሚመጣ የፓምፕ ሥራ ለብቻው በሰዓት ንጥል ይኖረዋል። የቁፋሮ ንጥሎችን በጅምላ ስትመርጡ እሱም አብሮ ይመረጣል፤ ሜትር ኩብ ሰዓት ላይ ይጻፋል። በኤክሴሉ ውስጥ የሳቡን መለኪያና የሶፍትዌሩን መለኪያ ጎን ለጎን አምጥታችሁ እኩል ያልሆኑትን በቀይ አስቀልሙ።

ሒሳብ_ሹም

ከሒሳብ ክፍል ወገን የሚመለከቱ ነገሮች አሉ።

ቫትን፣ ዊዝሆልዲንግን (ከክፍያው ተቀንሶ የሚያዘውን ግብር)፣ ሪቴንሽንን (ለሥራው ዋስትና የሚያዘውን ገንዘብ) እና የቅድመ ክፍያ ተመላሽን በንጥል ደረጃ በጅምላ አትጻፉ። ከኢንቮይሱ ራስ ላይ አንድ ቦታ ይቀመጡ። ቫት 15 በመቶ የሚጨመረው ለቫት የተመዘገበው ሳብ ላይ ብቻ ነው። ከአራቱ አንዱ ካልተመዘገበ ቫት መጠየቅም መሰብሰብም አይችልም፤ «ለሁሉም ኢንቮይሶች ቫት ጨምር» የሚለውን አንድ ጊዜ መጫን እዚህ ጋ ነው ጉዳት የሚያመጣው። ዊዝሆልዲንግ የሚሰላው ቫት ከመጨመሩ በፊት ባለው ገንዘብ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ ከቫት በኋላ እንዲያሰላ ተቀምጦ ከሆነ ከሳቡ ላይ ትርፍ ትቆርጣላችሁ፣ የምትሰጡት ደረሰኝም ከእሱ መዝገብ ጋር አይገጥምም።

ሪቴንሽን ብዙ ውሎች ላይ 5 በመቶ ነው፤ ከ432,250 ላይ 21,612.50 ብር ይሆናል። በጊዜያዊ ርክክብ ግማሹ የሚለቀቅ ከሆነ መቶኛውን ከ5 ወደ 2.5 በጅምላ በመቀየር አትልቀቁት። አንዳንዱ ሶፍትዌር አዲሱን መቶኛ ወደ ኋላ ሄዶ የጸደቁት ክፍያዎች ላይ ሁሉ ይተገብራል፣ ሌላው ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ብቻ። ሪቴንሽን መልቀቂያ የሚባለው ለብቻው የተዘጋጀ መስክ ላይ የብሩን መጠን ጻፉ።

ሌላው የቀን ጉዳይ ነው። ውላችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወር የሚከፍል ከሆነ፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ የሚቀበለው የፈረንጆቹን ቀን ከሆነ፣ የየጊዜውን መጀመሪያና መጨረሻ አስቀድማችሁ ለዓመቱ በሙሉ አስሉት። ከጥር 1 እስከ 30 ቀን 2017 ማለት ከጃንዋሪ 9 እስከ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2025 ነው። በ2016 ግን ጳጉሜን 6 ቀን ከነበረችበት ዓመት ቀጥሎ ስለመጣ ጥር 1 ጃንዋሪ 10 ላይ ነበር የዋለው። ያለፈውን ዓመት ቀኖች ቀድቶ መለጠፍ አንድ ቀን ያዛንፋል፤ የክፍያ ጊዜዎች ይደራረባሉ ወይም መካከላቸው ክፍተት ይቀራል። ጳጉሜን ለነሐሴ ወይም ለመስከረም እንደምትደምሯት በውሉ ላይ ይጻፍ።

ቴክኦፍ_ሐዋሳ

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ የስትራክቸሩን ውል ሳስገባ መብራት ሄዶ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ ምን ያህሉ እንደገባ አይታወቅም። ፋይሉን ደግሜ ልላከው? ሁለተኛ፣ የልስን ነጠላ ዋጋ ከዚህ ክፍያ ጀምሮ ከ120 ወደ 150 ብር እንዲሆን ተስማምተዋል። ንጥል 5.3፣ ውሉ 1,800 ካ.ሜ.፣ እስካሁን የተከፈለበት 1,150 ካ.ሜ. ነው። በጅምላ ማረሚያው ዋጋውን ልቀይረው?

ኤክሴል_በአማርኛ

ለመጀመሪያው፦ ከመድገምሽ በፊት ኢምፖርቱ «ተካ» ነው ወይስ «ጨምር» የሚለውን እዪ። የሚተካ ከሆነ ያንኑ ፋይል አሥር ጊዜ ብትልኪው ውጤቱ አንድ ነው። የሚጨምር ከሆነ የገቡት ረድፎች እጥፍ ይሆናሉ። እርግጠኛ ካልሆንሽ አሁን ያለውን ኤክስፖርት አድርጊና ከላክሽው ጋር አነጻጽሪ፣ ያልገቡትን ረድፎች ብቻ በሌላ ፋይል ላኪ። ከዚህ በኋላ መጀመሪያ 5 ረድፍ ለሙከራ፣ ከዚያ 100 በ100 እየከፈልሽ ብትልኪ መቋረጥ ቢመጣ የት እንደቆመ ታውቂያለሽ። መግለጫዎቹ አማርኛ ከሆኑ ፋይሉ ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8 ተብሎ ይቀመጥ፤ በተራ ሲኤስቪ ከተቀመጠ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። 1,150 ተብሎ በኮማ የተጻፈ ቁጥርም ሲኤስቪ ውስጥ ለሁለት ዓምድ ሊከፈል ስለሚችል የሺህ መለያ ኮማውን አጥፊው።

ጋሼ_ቢኦኪው

ለሁለተኛው፦ አይሆንም፣ እንዳትቀይሪው። ነጠላ ዋጋውን በንጥሉ ላይ 150 ካደረግሽው የተከፈለውም 1,150 ካ.ሜ. በአዲሱ ዋጋ ይሰላል። 1,150 × 30 = 34,500 ብር ማንም ያልተስማማበት ክፍያ በዚህ የክፍያ ሰርተፊኬት ይወጣል። የቀድሞዎቹ አምስት ሰርተፊኬቶች ወረቀት ደግሞ ከሶፍትዌሩ ጋር መግጠሙ ያቆማል።

የድሮው ንጥል በተሠራው መጠን ይዘጋል፤ የቀረው በአዲስ ንጥል ይከፈታል። 5.3 ውሉ ወደ 1,150 ካ.ሜ. ይወርዳል፣ 138,000 ብር። 5.3ሀ ይከፈታል፣ 650 ካ.ሜ. በ150 ብር፣ 97,500 ብር። ድምሩ 235,500 ነው፤ ከቀድሞው 216,000 የሚበልጠው 19,500 ብር ሲሆን ይህም 650 ሲባዛ በ30 ነው። ይህ ልዩነት በተፈረመ የውል ለውጥ ይግባ። አዲስ ዋጋ የተሰጣቸው ንጥሎች ብዙ ከሆኑ እነዚህን ሁለት ረድፎች በኤክሴል አዘጋጅቶ የውል ለውጡን በጅምላ ማስገባት ይቻላል፤ በጅምላ የማይነካው ክፍያ የወጣበት ነጠላ ዋጋ ነው።

ቴክኦፍ_ሐዋሳ

ገባኝ። አሁን አማካሪው ደግሞ በ4ኛው ክፍያ ከልስኑ 18 ካ.ሜ. የመስኮት ክፍት ሳይቀነስ እንደተከፈለ ጽፏል። ያው ንጥል 5.3 ነው። 4ኛው ክፍያ ጸድቆ ተከፍሏል። የት ላርመው?

ሒሳብ_ሹም

የጸደቀና ደረሰኝ የተቆረጠለትን ክፍያ አትክፈቺው። እርማቱ በ6ኛው ላይ በቅናሽ ይገባል፦ 18 × 120 = 2,160 ብር። ቫት ተከፍሎበት ከነበረ ቅናሹም ቫቱን ይዞ ይሂድ።

ጋሼ_ቢኦኪው

ሒሳብ_ሹም ያለው ነው። የዚህ ክፍያ ዓምድ ላይ ከዜሮ በታች 18 ይጻፋል። ሶፍትዌሩ ከዜሮ በታች አልቀበልም ካለ ለዚሁ ሥራ የሚሆን የማስተካከያ ንጥል በውል ለውጥ ይከፈትና 2,160 ብር በቅናሽ እዚያ ይግባ፤ ከሌላ ንጥል ላይ ቀንሶ ማካካስ ግን አይደረግ፣ የሁለት ንጥሎች ልኬት በአንድ ጊዜ ይበላሻል።

አሁን ግን ቅደም ተከተሉ ላይ ተጠንቀቂ፤ ቀደም ብዬ የሰጠሁሽ ቁጥርም በዚህ ይቀየራል። ቅናሹ የድሮው ንጥል ከመዘጋቱ በፊት መግባት አለበት። 1,150 ሲቀነስ 18፣ 1,132 ካ.ሜ.፤ በ120 ብር 135,840 ብር። የተቀነሰው የመስኮት ክፍት ነው፤ ቢኦኪው ላይ ያለው 1,800 ክፍቱ ተቀንሶለት የተሰላ ከሆነ ገና ያልተለሰነው ግድግዳ 650 ሳይሆን 668 ካ.ሜ. ነው። 5.3ሀ በ668 ይከፈታል፣ በ150 ብር 100,200 ብር። የውል ለውጡ ልዩነትም 668 ሲባዛ በ30፣ 20,040 ብር ይሆናል እንጂ 19,500 አይደለም። 1,800ው ክፍቱን ሳይቀንስ የተሰላ ከሆነ ደግሞ የቀረው በሳይት ላይ ተለክቶ ይግባ። ስለዚህ የውል ለውጡን ሳታስፈርሚ የቢኦኪውን የልኬት ወረቀት አውጥተሽ የክፍቱን ረድፍ እዪ።

ቴክኦፍ_ሐዋሳ

አየሁት ጋሼ። ክፍቱ ተቀንሷል፣ 1,800 የተጣራ ነው። በ668 አስገባዋለሁ።